ኢሜይል እልካለሁ፣ መልስ የለም፤ ምን ላድርግ?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስራዬ ማስተባበር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከዚህ ክፍል መረጃ ተቀብዬ ለዚያኛው አደርሳለሁ። ችግሬ ኢሜይል እልካለሁ፣ ጸጥ። ቴሌግራም ላይ ስጠይቅ «ኢሜይል አድርጊልኝ» እባላለሁ፤ ሳደርግ ደግሞ እንደገና ጸጥ። ይሄ ሳያንስ ባለፈው ሳምንት አንድ ኃላፊ የላክሁላቸውን አጭር መልእክት አይተው «ትእዛዝ ነው እንዴ?» አሉኝ። ያሳጠርኩት እኮ ጊዜያቸውን እንዳልሻማ ብዬ ነው። ሳስረዝም አይነበብም፣ ሳሳጥር ያስቀይማል። አንዱን ኢሜይሌን ለጥፌዋለሁ፣ ሳትራሩ ተቹት፦

ርዕስ፦ ሰላም
«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተነጋገርነው የሩብ ዓመቱ ሪፖርት እየተዘጋጀ ሲሆን ከየክፍሉ የሚጠበቁ መረጃዎች እንዳሉ ይታወቃል። ከዚሁ ጋር በተያያዘ የስልጠናው ጉዳይ ገና አልተቋጨም። ስለሆነም አስተያየታችሁን በተቻለ ፍጥነት ብታሳውቁን ደስ ይለናል። ከሰላምታ ጋር።»

ለስድስት ሰው ነው የላክሁት። አንድም የመለሰ የለም።

የቢሮ ሰው፦
እህቴ፣ ኢሜይልሽ ጨዋ ነው፣ ግን ጥያቄ የለውም። ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከኔ ምን እንደምትፈልጊ ሊገባኝ አልቻለም። አስተያየት በምኑ ላይ? በሪፖርቱ ነው በስልጠናው? «በተቻለ ፍጥነት» ለአንዱ ዛሬ ነው፣ ለሌላው የሚቀጥለው ወር። ስድስት ሰው አንድ ላይ ስትጠሪ ደግሞ ሁሉም «ሌላው ይመልሳል» ብሎ ያልፈዋል። ርዕሱም ነገር አለው። ሰው ኢንቦክሱን በስልክ ሲከፍት የሚያየው የላኪውን ስም፣ ርዕሱንና የመጀመሪያዋን መስመር ነው። እዚያ ላይ «ሰላም» እና «እንደምን ሰነበታችሁ» ብቻ ካለ፣ ስራ እንዳለው በምን ይወቅ?

እኔ ብሆን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ሁለት ጉዳይ ባንድ ኢሜይል ከገባ ሰው ቀላሉን ይመልስና ከባዱን ይረሳዋል። ስልጠናው ለብቻው ይሂድ፣ ሪፖርቱ ደግሞ እንዲህ፦

ርዕስ፦ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የክፍልዎ የወጪ ሠንጠረዥ እስከ ሐሙስ
«ጤና ይስጥልኝ። ሪፖርቱን ዓርብ ጠዋት ስለማስገባ የክፍልዎን የወጪ ሠንጠረዥ እስከ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ቢልኩልኝ። ባዶ ቅጹን አያይዣለሁ፣ የሚሞላው ሁለተኛው ገጽ ብቻ ነው። የማይደርስ ከሆነ እስከ ማክሰኞ ቢነግሩኝ ሌላ መላ እንፈልጋለን። አመሰግናለሁ።»

ለእያንዳንዱ ለየብቻው ላኪው። አለቃን ሲሲ ማድረግ (ቅጂው እንዲደርሳቸው መጨመር) ላይም ተጠንቀቂ፤ ያለ ምክንያት ከገቡ ተቀባዩ የተከሰሰ ነው የሚመስለው።

ጆሮ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ የኃላፊው ነገር ግን ሌላ ነው። ጽሑፍ ድምፅም ፊትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት አለ። ሰዎች የምርና የአሽሙር ዓረፍተ ነገሮችን በኢሜይል እንዲልኩ አደረጉ። ላኪዎቹ 78 በመቶ ያህሉን ተቀባዩ በትክክል ይለየዋል ብለው ገመቱ፤ የተለየው ግን 56 በመቶ ገደማ ነበር። ዓይን ጨፍኖ ከመገመት ብዙም አይሻልም ማለት ነው። በድምፅ ሲሆን ግምቱና ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ ኃላፊው ነገር ፈልገውሽ ነው ብለሽ አትደምድሚ።

«ፋይሉን ይላኩልኝ» ብቻውን ሲነበብ ይደርቃል። «ፋይሉን ቢልኩልኝ፣ ለከሰዓቱ ስብሰባ ያስፈልገኛል» ስትዪ ግን የጨመርሽው አንድ ምክንያት ነው፣ ትእዛዝነቱ ግን ጠፋ። የማታውቂውን ሰው በ«እርስዎ» ጀምሪ፤ ከስሙ ወንድ ይሁን ሴት ካልተለየም ያድንሻል። ቅሬታና መጥፎ ዜና ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ደውዪ፣ የተስማማችሁበትን ከዚያ በኋላ ጽፈሽ ላኪ።

ግሩፕ የሰለቸው፦
ስለ ቴሌግራሙ ማንም አላነሳም እኮ! «ሰላም» ብሎ ልኮ መልስ መጠበቅ ይቅር። ሰው ስብሰባ ላይ ሆኖ «ሰላም» ይላል፣ ከዚያ «እንዴት ነህ» ይመጣል፣ ጉዳዩ ሳይነሳ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሰላምታውና ጥያቄው ባንድ መልእክት ይግቡ፦ «ሰላም፣ የሐሙሱ ስብሰባ ሰዓት ተቀይሯል ወይ?» በቃ። ሌሊት ትዝ ያለሽን ነገር ደግሞ ሰዓት አስይዘሽ ጠዋት እንዲደርስ አድርጊ፤ ቴሌግራምም ጂሜይልም ይሄ አላቸው።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ በቻት የተወሰነ ነገር በሳምንቱ አይገኝም። ማን ምን ቀን ምን እንዳለ ፍለጋ በስቲከርና በ«እንኳን ደስ አለህ» መሃል ስትዋኚ ትውያለሽ። በዚያው ቀን «ዛሬ በቴሌግራም እንደተስማማነው…» የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል ላኪ። «ኢሜይል አድርጊልኝ» የሚሉሽም ለዚሁ ይመስለኛል።

ከመላክሽ በፊት አንዴ አንብቢ። ዋትስአፕ ላይ የላክሽውን ማስተካከል የምትችዪው ለ15 ደቂቃ ነው። ጂሜይል ላይ መላክን መሰረዝ ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው፣ ያውም ሴቲንግ ገብተሽ ከ5 ወደ 30 ከቀየርሽው። ስክሪንሾት ደግሞ የትም ሆነሽ አትመልሺውም።

አልስማማም ባይ፦
«ለየብቻው ላኪ» የተባለው ሁሌ አይሰራም። ሁሉም የሌላውን መልስ ማየት ካለበት ለየብቻ መላክ ነገሩን ያጣርሳል፤ አንዱ ማክሰኞ ይላል፣ ሌላው ረቡዕ፣ አንቺ መሃል ትቀሪያለሽ። እንዲህ ሲሆን ባንድ ኢሜይል ልከሽ ከእያንዳንዱ ስም ፊት የሚጠበቅበትን ጻፊ። ሰው ስሙን ሲያይ ይመልሳል። ቢሲሲን (ሌሎቹ ተቀባዮች ሳያዩት ቅጂ የሚላክበትን) ግን ለብዙ ሰው ለሚሄድ ማስታወቂያ ብቻ ተጠቀሚበት። ሰው ሳያውቅ አለቃው እንዲያይ ብለሽ ካስገባሽ፣ አለቃው ሪፕላይ ኦል (ለሁሉም መልስ) የነኩ ዕለት ሁሉም ይወጣል።

ማለዳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቢሮ ሰው ያስተካከለውን ትናንት ላክሁት፤ ከፋይናንስ ክፍል ከምሳ በፊት መልስ መጣ፣ ሌሎቹም እየመጡ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ቀኑ ሲያልፍ ሳልጨቀጭቅ እንዴት ላስታውስ? ደግሞ የድርጅቱን የፌስቡክ ገጽም እንድይዝ ተሰጥቶኛል፤ አንድ ደንበኛ ኮሜንት ላይ ስድብ የተቀላቀለበት ቅሬታ ጽፏል። ልሰርዘው?

የቢሮ ሰው፦
ማስታወሻውን እዚያው የመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ሪፕላይ አድርገሽ ላኪ፣ «ፈልጉ» እንዳትዪያቸው። «ሠንጠረዡ እስካሁን አልደረሰኝም፤ እስከ ነገ ጠዋት ካልመጣ የክፍልዎን ቦታ ባዶ አድርጌ አስገባለሁ» በቂ ነው። ያልሽውን ደግሞ አድርጊው። አለዚያ ሁለተኛ ቀነ ገደብሽን የሚሰማ የለም።

ጆሮ፦
ኮሜንቱን አትሰርዢው፣ የሰረዝሽ ዕለት ስክሪንሾቱን ይዞ ይመለሳል፤ ሌሎቹም «ምን ደበቁ?» ይላሉ። ስድቡን እለፊውና ቅሬታውን ያዢ፦ «ስለደረሰብዎት መጉላላት እናዝናለን። የትእዛዝ ቁጥርዎን በኢንቦክስ ቢልኩልን ዛሬውኑ እናጣራለን።» ቁጥሩንና ስልኩን ኮሜንት ላይ እንዳያስቀምጠው፣ ሁሉም ያያል። ነገሩ ሲፈታ እዚያው ኮሜንት ስር አንድ መስመር ጨምሪ፤ ቅሬታውን ያየ ሰው መፍትሔውንም ማየት አለበት። የሌላ ሰው ስም እየጠራ የሚሰድብ ወይም የሚያስፈራራ ከሆነ ግን ስክሪንሾቱን አስቀምጠሽ ደብቂው፣ ለአለቃሽም አሳውቂ።