ሃምቡርግ ላይ ሁለት ቀን አለኝ፣ የቱን ሕንፃ ልይ?

ቡና ቀማሿ

ሰላም ለሁላችሁም። ከሐዋሳ ነኝ፣ ቡና ማዘጋጃ ውስጥ ጥራት ክፍል ነው የምሠራው። ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ጀርመን ልሄድ ነው፣ ሃምቡርግ። ሥልጠናው ዓርብ ያልቃል፣ በረራዬ እሁድ ማታ ነው። ቅዳሜና እሁድ የራሴ ናቸው ማለት ነው።

ስድስት ዓመት በእጄ ካለፈው ቡና ብዙው ወረቀቱ ላይ መድረሻ ወደብ ሃምቡርግ ይላል። ጆንያው ይሰፋል፣ ይቆጠራል፣ መኪና ላይ ይጫናል፣ በጥቁር ውሃ በኩል ከከተማው ይወጣል፣ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ግን እኔ የማውቀው ነገር የለም። የት እንደሚያርፍ አይቼ አላውቅም። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሁሉም ያንኑ የሕንፃ ስም ነው የሚደረድረው፣ ለምን ማየት እንዳለብኝ የሚነግረኝ አጣሁ። የሄዳችሁ ወይም የኖራችሁ ካላችሁ፣ ሰው ቆሞ ሊያየው የሚገባው የቱ ነው? በእግሬ የምደርስበት ቢሆን ደስ ይለኛል።

የአቶቴ ልጅ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! እኔ ለትምህርት ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። አንቺ ከጻፍሽው ተነስቼ ቅዳሜ ጠዋት በቀጥታ ሽፓይሸርሽታት ሂጂ እልሻለሁ። የመጋዘን ከተማ ማለት ነው። ስሙን መያዝ ከከበደሽ ቀያዮቹ መጋዘኖች በያቸው፣ ሁሉም ሰው ያሳይሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምቡርግ በ1888 ወደ ጀርመን የጉምሩክ ክልል ስትገባ ነጋዴዎቿ አንድ ነገር አስጠበቁ፣ ቀረጥ ሳይከፈል ዕቃ የሚቀመጥበት ነፃ ወደብ። ለሱ ሲባል ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ከሰፈሩ ተነሳና መጋዘኖቹ ተሠሩ። ግንባታው ከ1883 ጀምሮ በየምዕራፉ እስከ 1927 ድረስ ሄዷል። አፈሩ ረግረግ ስለሆነ ከሥር ያለው መሠረት የባሉጥ ግንድ ነው። እያንዳንዱ መጋዘን ባንድ በኩል ውሃ፣ በሌላ በኩል መንገድ አለው። ቡናው፣ ሻዩ፣ ቅመሙ፣ ምንጣፉ በጠፍጣፋ ጀልባ ይመጣል፣ ጣሪያው ሥር ባለው መጎተቻ ወደየፎቁ ይሳባል። ቀና ብለሽ ብታዪ መጎተቻዎቹ ዛሬም አሉ።

አሁን አንቺን የሚመለከተው ጋ ልምጣ። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ዕቃ አስቀምጠው የሚዘጉ ብቻ አልነበሩም። ይመዝናሉ፣ ናሙና ያወጣሉ፣ ያበጥራሉ፣ ደረጃ ይለያሉ። ያንቺ ሥራ ማለት ነው! አንዱ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ትንሽ ሙዚየም አለ፣ ጆንያ ወግተው ናሙና የሚያወጡበትን ሹል ብረት ታገኚዋለሽ። መሀሉ እንደ ቦይ የተሰረጎደ፣ ጫፉ የሾለ፣ እጀታው በእጅ ብዛት የለሰለሰ። ሐዋሳ ካለው ጋር ወንድማማች ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ እንዳትከፊ። የዛሬው ቡና እዚያ አይገባም። በኮንቴይነር መጥቶ ራቅ ብለው ያሉ ትላልቅ መጋዘኖች ውስጥ ነው የሚራገፈው። ያም ሆኖ ጠዋት ድልድዮቹ ላይ ስትሄጂ የቡና ቁሌት ይሸትሻል፣ አንዱ መጋዘን ውስጥ ቡና ቆልቶ የሚያፈላ ቤት አለ።

ግንበኛው

የአቶቴ ልጅ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን አንድ ሕንፃ ረስቷል፣ ደግሞ ከመጋዘኖቹ አሥር ደቂቃ አይርቅም። ቺሌሃውስ ይባላል። እባክሽ ይህን ሳታዪ እንዳትመጪ። አርክቴክቱ ፍሪትስ ሆገር ነው፣ ከ1922 እስከ 1924 ነው የተሠራው፣ አሥር ፎቅ፣ ወደ 4.8 ሚሊዮን ጡብ የፈጀ። ያሠራው ነጋዴ ሀብቱን ያገኘው ከቺሌ ለማዳበሪያ የሚሆን ጨው እያስመጣ ነው፣ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። በምሥራቅ በኩል ያለው ማዕዘን ላይ ቁሚ። ሁለቱ ግድግዳዎች ተጠጋግተው ተጠጋግተው የመርከብ አፍንጫ ይሆናሉ። እኛ ጋ ጡብ በልስን የሚሸፈን ነገር ነው፣ ግንቡ አልቆ ደስ ሲል ሲሚንቶ ይለበስበትና ይጠፋል። እዚያ ግን ጡቡ ራሱ ጌጥ ነው፣ ጥላው በሰዓት ይለዋወጣል። ቺሌሃውስና መጋዘኖቹ አንድ ላይ ሆነው በ2015 የዩኔስኮ ቅርስ መዝገብ ላይ ገብተዋል።

ሁሉም የሚያወራለት ኤልብፊልሃርሞኒ የሚባል የሙዚቃ አዳራሽም አለ፣ 110 ሜትር ከፍታ፣ በ2017 የተከፈተ። ከላይ ማዕበል የመሰለ መስታወት ነው። አንቺ ግን ከታች ያለውን ጡብ እዪ፣ እሱ በ1960ዎቹ የተሠራ የካካዎ፣ የሻይና የትምባሆ መጋዘን ነው። አላፈረሱትም፣ በላዩ ላይ ነው የገነቡት። ወጪው ብዙ አነጋግሯል፣ መጀመሪያ ለከተማው 77 ሚሊዮን ዩሮ የተባለው ሲያልቅ ጠቅላላው 866 ሚሊዮን ገብቷል። በሥራዬ እንዲህ ያለ የዋጋ ንረት ያናድደኛል፣ አሮጌውን ለማቆየት የወሰዱትን ውሳኔ ግን አከብራለሁ። ኮንሰርት ባትገቢም መሀል ላይ ያለው ሰገነት ድረስ ትወጫለሽ፣ ወደቡ በሙሉ ከሥርሽ ነው።

ሐይቅ ዳር

ልጄ እዚያ ስለምትኖር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንቺ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹን እንዳትረሺ። ሚኸል የሚሉት አለ፣ ግንቡ 132 ሜትር ነው፣ መርከበኛ ከሩቅ የሚያውቀው እሱን ነው። በ1750 መብረቅ አቃጠለው፣ በ1906 ደግሞ ጥገና ላይ እያሉ ተቃጠለ፣ መልሰው ሠሩት። ጠዋት በኛ አራት ሰዓት ከግንቡ ላይ በአራቱም አቅጣጫ ጥሩምባ ይነፋል። እኔ ሳላውቅ በዚያ ሳልፍ ሰማሁት፣ ለአራተኛው መስኮት እስኪደርስ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሌላው ኒኮላይ ነው። በ1874 ሲያልቅ በዓለም ረጅሙ ሕንፃ ነበር፣ 147 ሜትር። በሐምሌ 1943 ከተማው በአውሮፕላን ሲደበደብ ቤተ ክርስቲያኑ ወደመ፣ ግንቡና ጥቂት ግድግዳ ቀረ። በዚያ ሳምንት ከ30,000 በላይ ሰው አልቋል። መልሰው አልሠሩትም። ግድግዳው ጥቁር ነው፣ ጣሪያው ሰማይ ነው። ከውስጥ በአሳንሰር 76 ሜትር ድረስ ትወጫለሽ። ከዚያ ከተማውን ስታዪ ይህ ሁሉ ከዚያ በኋላ የተሠራ መሆኑ ይገባሻል። እኔ እዚያ አልቅሻለሁ።

ቡና ቀማሿ

እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ እማ ሐይቅ ዳር። ጥሩምባውን ሰዓቱን ጠብቄ እሰማዋለሁ። ግንበኛው፣ ቺሌሃውስን ጽፌዋለሁ። እሁድ ጠዋትስ ምን ክፍት ይሆናል? እዚያ እሁድ ሁሉም ነገር ዝግ ነው ይባላል።

የአቶቴ ልጅ

እሁድማ የአሳ ገበያ ነው! የኛው የሐዋሳ አሳ ገበያ አሞራ ገደል ላይ ጠዋት የምትሰሚውን ጩኸት አስቢ፣ ያው ነው፣ ቆሮሶና አምባዛ የለም እንጂ። ከ1703 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት ሸምቶ እንዲጨርስ ተብሎ በማለዳ የተፈቀደ። በበጋቸው በኛ 11 ሰዓት ሌሊት ይጀምራል፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት፣ ሦስት ተኩል ላይ ያበቃል። የጨረታ አዳራሹ ብረትና መስታወት ነው፣ የ1896 ሥራ።

ከዚያ በኤልበ ወንዝ ዳር ወደ መርከብ ማቆሚያው ሂጂና አረንጓዴ ጉልላት ያለው ቤት ውስጥ ግቢ። አሮጌው የኤልበ ዋሻ እሱ ነው። በ1911 ወደቡ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የተከፈተ፣ 426 ሜትር ርዝመት፣ 24 ሜትር ጥልቀት። በእግር ነፃ ነው። በአሳንሰር ወርደሽ ከወንዙ ሥር ትሻገሪያለሽ፣ ግድግዳው ላይ የአሳና የሌላ ባሕር ፍጥረት ቅርጽ አለ። ወዲያ ማዶ ስትወጪ ዞር በይ፣ ሚኸልም ኤልብፊልሃርሞኒም ባንድ ላይ ይታዩሻል።

የሥራ ቀን ላይ ሰዓት ከተረፈሽ ደግሞ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በኢዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለ። ያ በ17ኛው መቶ ዘመን ከአባ ጎርጎርዮስ አማርኛ የተማረው ጀርመናዊ ነው።

ቡና ቀማሿ

በቃ ጨርሻለሁ። ቅዳሜ መጋዘኖቹና ሙዚየሙ፣ ከዚያ ቺሌሃውስ፣ ማታ ኒኮላይ። እሁድ አሳና ዋሻ። ለቃሚ እናቶቻችን ቡናችን የት እንደሚደርስ አሳዪን ብለውኛል፣ ያንን ሹል ብረት ከሁሉም በፊት ፎቶ አነሳዋለሁ። የኛውንም ዛሬ አንስቼዋለሁ፣ ጎን ለጎን አድርጌ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።