ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ፓሪስ፦ የሞኔን ሥዕሎች በምን ቅደም ተከተል?

ቀለም_ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፓሪስ የምንቆየው ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ነው። የክሎድ ሞኔን ትልልቅ የውሃ አበቦችና «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» የተባለውን ሥዕል ሳናይ መመለስ አንፈልግም። ኦራንዤሪ፣ ኦርሴና ማርሞታን ከሚባሉት ሙዚየሞች የትኛውን እናስቀድም? የፓሪስ ሙዚየም ካርድስ ለሦስቱም ይሠራል?

ሸራ_እና_ብሩሽ፦
ኦርሴና ማርሞታን ሰኞ ዝግ ናቸው፣ ኦራንዤሪ ደግሞ ማክሰኞ። ስለዚህ ሰኞ ኦራንዤሪ፣ ማክሰኞ ጠዋት ኦርሴ፣ ከሰዓት በኋላ ማርሞታን። ሌላ ምርጫ የላችሁም።

ካርዱን ማርሞታን አይቀበልም፤ ትኬቱ ለብቻው ይገዛል። ለቀሩት ለሁለቱ ብቻ ከሆነ ካርዱ አያዋጣም። ካርድ የያዘም ቢሆን ለኦራንዤሪ የመግቢያ ሰዓት በኢንተርኔት ማስያዝ አለበት።

በፈረንጅ ሰዓት 9፡00 የሚለውን ያዙ። ሁለቱ ሞላላ አዳራሾች የተሠሩት በጣሪያው በኩል በሚገባ የቀን ብርሃን እንዲታዩ ነው፤ ሰው ሲሞላ ግን ከጀርባ በቀር የሚታይ የለም። 8ቱ የውሃ አበባ ሥዕሎች ቁመታቸው 2 ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ መሐል ካለው መቀመጫ ላይ ሆናችሁ ዙሪያውን ቃኙ፣ ከዚያ ተጠጉ፦ ከሩቅ ውሃ የነበረው ከቅርብ ደረቅ የቀለም ጭረት ይሆናል። ሁለተኛው አዳራሽ የአኻያ ዛፎቹ ያሉበት ነው፤ ብዙ ሰው ቸኩሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው አስበልጠዋለሁ።

ቀለም_ወዳድ፦
እናመሰግናለን! ማርሞታን ከመሐል ከተማ ራቅ ይላል አሉ። መድከሙ ዋጋ አለው?

የዓይን_ነገር፦
እንዴታ! በዓለም ትልቁ የሞኔ ስብስብ እኮ እዚያ ነው፤ ልጁ ሚሼል ያወረሰው። «ኢምፕሬሽን» (1872 እ.ኤ.አ.) ስሙ ትልቅ ቢሆንም መጠኑ 48 በ63 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንዳንዴ ለሌላ አውደ ርእይ በውሰት ስለሚሄድ ትኬት ሳትቆርጡ የሙዚየሙን ድረ ገጽ እዩ።

ከሱ ይልቅ ጊዜ ስጡ የምላችሁ በአትክልት ቦታው የነበረውን የጃፓን ድልድይ ለሣለባቸው ሥዕሎቹ ነው። ሞኔን የዓይን ሞራ ይዞት ነበር። ሞራው የዓይንን ሌንስ ስለሚያቢጫው ሰማያዊ ብርሃን በደንብ አይገባም፤ ድልድዩ ቀይና ቡናማ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው እንደሆነ ይታመናል። ቀኝ ዓይኑን በቀዶ ሕክምና የታከመው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው። ሰኞ ያያችሁትን የኦራንዤሪን ሰማያዊ በልባችሁ ይዛችሁ ብታዩት ልዩነቱ ያስደነግጣል።

ሸራ_እና_ብሩሽ፦
ልክ ነው። ኦርሴ ላይ ደግሞ በቀጥታ 5ኛ ፎቅ ውጡ። የሩዋን ካቴድራል 5 ሥዕሎች እዚህ አሉ፦ ያው የሕንፃ ፊት በተለያየ ብርሃን። ቀለሙ እንደ ግድግዳ ልስን ወፍራም ስለሆነ ከጎን ሆናችሁም እዩት። «የሣር ላይ ምሳ» የሚባለው ትልቅ ሥዕሉ ግን ቁርጥራጭ ነው፤ በኪራይ ዕዳ ለአከራዩ መያዣ ሰጥቶት እርጥበት ስላበላሸው ሞኔ ራሱ ቆራርጦታል። ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ፣ አያስገቡም።

ከኦርሴ ወደ ማርሞታን ኤርኤኤር ሲ ባቡር ይዛችሁ ቡላንቪሊዬ ውረዱ፤ ከዚያ በእግር 10 ደቂቃ ያህል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መስመሩ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ያን ጊዜ ሜትሮ 9ን ይዛችሁ ላ ሙዌት ውረዱ።