የካ አባዶ፦ ለሁለት ትምህርት ቤቶች የባስኬት ጨዋታ የዳኛ ክፍያና የደጋፊ ነገር

ጠያቂዋ፣ አሌክሳንድሪያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ስፖርት የሚያስተምር ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤቱ ከጎረቤቱ ሁለተኛ ደረጃ ጋር የሚያደርገውን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አዘጋጅ ተብሏል። የባለፈው ዓመቱ በአራተኛው ኳርተር ተቋርጦ ቀረ። ደጋፊ ሜዳ ገብቶ ዳኛውን ከበበው፤ ውጤቱ ዛሬም ያጨቃጭቃል። ዘንድሮ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ውጭ ዘመድ ያለው ይርዳ ብሎ የዳኞች ውሎ አበል፣ ኳስና ማልያ በወንድሜ በኩል ጠይቆኛል። የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። የአንዱ ቡድን መምህር እህት የዳኛ አበል ብትከፍል ያስኬዳል? ደጋፊ ሲረብሽ ቅጣቱ ቡድኑ ላይ ሊያርፍ ይችላል? ከዚህስ ምን ቢላክ ይጠቅማቸዋል? ጨዋታው ከፋሲካ በኋላ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታ ዳኛ፣ ሴንት ፖል

እህቴ፣ ሁለተኛውን ልመልስልሽ። እዚህ አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታ የሚመራበት የኤንኤፍኤችኤስ (የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን) ደንብ የተመልካቹን ጠባይ መቆጣጠር የባለሜዳው ትምህርት ቤት ኃላፊነት ነው ይላል። ደጋፊው ጨዋታውን እስከማወክ ከደረሰ ደግሞ ዳኛው በዚያ ደጋፊ ቡድን ላይ ፋውል መስጠት ይችላል። ቴክኒካል (የጠባይ ጥፋት ፋውል) ከተሰጠ ተቃራኒው ቡድን 2 ፍሪ ትሮው (ማንም ሳይከላከል የሚወረወር የቅጣት ኳስ) ይጥላል፣ ኳሱንም ይወስዳል። ደንቡ ራሱ ግን ዳኛው ይህን ሥልጣን በብዙ ጥንቃቄ እንዲጠቀምበት ያሳስባል፤ ቡድኑ በማያዘው ሰው ጥፋት እንዳይቀጣ ነው።

ስለዚህ በተግባር የሚሠራው ሌላ ነው። ዳኛ ከተመልካች ጋር ቃል አይለዋወጥም። ኳሱ ሲሞት፣ ማለትም ጨዋታው ሲቆም፣ ሰዓት ያስቆማል፣ ሰዓትና ውጤት ወደሚያዝበት ጠረጴዛ ሄዶ የባለሜዳውን ተጠሪ ያስጠራል፣ "ሦስተኛው ረድፍ፣ ቀይ ጃኬት" ብሎ ያመለክታል። ሰውየው ከግቢ እስኪወጣ ፊሽካ አይነፋም። ይህ እንዲሠራ ዳኞቹ ከጨዋታው በፊት ተጠሪውን በመልክ ማወቅ አለባቸው። ተጠሪው አሰልጣኝ መሆን የለበትም፤ አሰልጣኝ ጨዋታ ላይ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህር ይሻላል። እንግዳው ትምህርት ቤትም የራሱን ልጆች በስም የሚያውቅ አንድ ሰው ያምጣ፤ ተማሪ የሚፈራው ስሙን የሚያውቀውን መምህር ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ዳኞቹ ቆመው አያወሩም። ተጠሪው አጅቦ እስከ መኪናቸው ያደርሳቸዋል። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የኤንኤፍኤችኤስ ኃላፊዎች እንደተናገሩት ከ2018-19 የውድድር ዓመት ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 50,000 ገደማ ዳኞች በየስፖርቱ ሥራውን ትተዋል። ከምክንያቶቹ ዋናው የወላጅና የደጋፊ ስድብ ነው።

የጠረጴዛ ዳኛ፣ ስቶክሆልም

ጋሼ፣ ያሉት እርስዎ ላሉበት ለሚኒሶታ ልክ ነው። የካ አባዶ ግን የሚጫወቱት በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ደንብ ነው፣ ልዩነቱም ብዙ ነው። በፊባ ቴክኒካል ፋውል የሚሰጠው ለተጫዋች፣ ለአሰልጣኝና ቤንች ላይ ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። ተመልካች በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቅጣቱም 1 ፍሪ ትሮው ሲሆን ጨዋታው ከቆመበት ይቀጥላል። ዋናው ዳኛ ግን ሁኔታው ሲያስገድድ ጨዋታውን ማቆም ይችላል፣ ከባሰም በፎርፌ እስከመዝጋት ሥልጣን አለው። አልጫወትም ያለ ቡድን 20 ለ 0 ይሸነፋል። ሰዓቱ ደርሶ በ15 ደቂቃ ውስጥ 5 ተጫዋች ማሰለፍ ያልቻለም እንደዚሁ።

ልጆቹ ኤንቢኤ እያዩ ስላደጉ ግማሹ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከደንብ መደባለቅ ነው። ሁለት ቦታ ላይ በተለይ። አንደኛው ታይም አውት፣ ቡድን የሚጠይቀው አጭር እረፍት፣ ነው። በፊባ ተጫዋች ዳኛውን ታይም አውት ብሎ መጠየቅ አይችልም። የሚጠይቀው አሰልጣኙ ነው፣ የሚጠይቀውም ጠረጴዛውን ነው፣ የሚሰጠውም ኳስ ሲሞት ወይም ተቃራኒ ቡድን ሲያገባ ነው። ልጁ ኳሱን አቅፎ በእጁ ምልክት ያሳያል፣ ዳኛው ዝም ይላል፣ 5 ሰከንድ ይሞላል፣ ኳሱ ይነጠቃል። ያኔ ደጋፊው "ሌባ!" ይላል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ኳስ ሲገባ ሰዓቱ የሚቆመው በአራተኛው ኳርተር የመጨረሻ 2 ደቂቃና በተጨማሪ ሰዓት የመጨረሻ 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ይሮጣል። ይህን የማያውቅ ደጋፊ ሰዓት ያዡ ሲያዳላ ያየ ይመስለዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሚኒ ሚዲያው ከጨዋታው በፊት ባለው ጠዋት፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ እነዚህን ሁለት ነጥቦች ለተማሪው ያንብብ። ከጨዋታው በፊትም ይድገመው። በጨዋታው መሀል ግን ማይኩ የሚናገረው ያገባውን ልጅ፣ ፋውል የሠራውን ቁጥርና ውጤቱን ብቻ ይሁን። ስለ ዳኛ አንድ ቃል እንዳይወጣው።

ተመላሽ አባል፣ ለገጣፎ

ከዚህ ከዳር ሆኜ ልጨምር። የምታወሩት ስለ ጂም ነው፤ እዚህ ያለው ሲሚንቶ ሜዳ ነው። የመረብ ኳሱ፣ የእጅ ኳሱና የባስኬቱ መስመር አንዱ በሌላው ላይ ተቀብቷል። ዳኛ ወጣ ሲል ልጁ የሌላውን መስመር እያየ ይከራከራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ቀለም ነው። የባስኬቱ መስመር ብቻ በነጭ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ጨዋታው ከመድረሱ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይቀባ። ዝናብ የነካው ቀለም በጫማ ተነስቶ ይወጣል፣ ያንሸራትታልም። የሦስት ነጥቡ ቅስት ከቅርጫቱ መሀል ሥር 6.75 ሜትር ነው። ፍሪ ትሮው ከቦርዱ ፊት 4.60 ሜትር። በገመድና በኖራ ለክቶ ማስመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቅርጫቱ 3.05 ሜትር መሆኑንም ይለኩ። ብየዳ ቤት የተሠራ ማማ ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው ይበልጣል፣ የመጀመሪያው አጋማሽ አልፎ ሜዳ ሲቀያየሩ ጭቅጭቁ ከዚያ ይጀምራል።

ቀጥሎ ቦታው። ተመልካቹ መስመሩ ላይ ነው የሚቆመው፣ ከፊቱ የሚያልፈውን ልጅ እግር መጥለፍ ይችላል። ከመስመሩ 2 ሜትር ወደ ውጭ ገመድ ይወጠር። ሁለቱን ደጋፊዎች ከቡድናቸው ቤንች ጀርባ አታስቀምጡ፤ በሜዳው ሌላኛ ወገን፣ በጠረጴዛው ትይዩ፣ መሀላቸው ባዶ ቦታ ተትቶ ይቀመጡ። ከጠረጴዛው ኋላ ማንም አይቁም። ውጤት መዝጋቢው ትከሻ ላይ ተደግፎ ስኮር ሺት (የውጤት መዝገቡን) የሚያነብ ሰው ካለ ጨዋታው አበቃለት። ጠጠሩ ከማለዳው ይለቀም። ሃይላንድ በር ላይ ይቅር፤ ውሃ በባልዲና በኩባያ ይቅረብ። ፊሽካና ጥሩንባም አይግባ፤ ከደጋፊ መሀል ፊሽካ ሲነፋ ተከላካዩ ይቆማል፣ አጥቂው ያገባል፣ ከዚያ በኋላ ዳኛው የሚወስነው ሁሉ አንዱን ወገን ያስቆጣል።

አንድ ደግሞ የሚረሳ ነገር። ዳኛውና ደጋፊው የሚወጡት በአንድ በር ነው። ጨዋታው በ10 ሰዓት ካለቀ ዳኞቹ ወደ አስተዳደር ቢሮ ይግቡና ግቢው ባዶ እስኪሆን ይቆዩ። ባጃጅ ወይም ታክሲ ግቢ ውስጥ ገብቶ ይውሰዳቸው።

አባል፣ ዳላስ

ወንድሞቼ፣ ስለ ሜዳ ተናገራችሁ፣ ስለ ብሩ ማንም አልመለሰላትም። እህቴ፣ በወንድምሽ እጅ አትላኪ። ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፣ ልጁን እየጠበቅኩት ነው። ወንድምሽ የአንዱ ቡድን መምህር ነው። ለዳኛው ብር ያቀበለ ሰው እሱ መሆኑ በታወቀ ቀን በሌላው ሰፈር ስሙ ጠፋ፤ ዳኛው በንጹሕ ቢዳኝም አይታመንም። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች እኩል እኩል ያዋጡ፣ ብሩ በደረሰኝ ለክፍለ ከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ወይም ለሦስተኛ ወገን ይግባ፣ ዳኛ የሚመድበውም እሱ ይሁን። አበሉ ከጨዋታው በፊት ይከፈል። ከጨዋታ በኋላ የሚከፈል ዳኛ ተሸናፊው ፊት ቆሞ ብሩን መጠየቁ ነው።

ሲላክም በባንክ ላኩ። ሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከጥቁር ገበያው ጋር የነበረው ልዩነት እንደ ድሮው አይደለም። ደረሰኝ ለወተመህ ሒሳብም ይጠቅማል። እኛ እዚህ ትርፍ ሰዓት ሠርተን የምንልከው ብር ያለ ወረቀት መበተኑ ያሳዝነኛል።

እና ደግሞ ገመድ፣ ባልዲ፣ በር ስትሉ ጨዋታውን ሬሳ አታድርጉት። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል ያለው ዜማ፣ እሱ ነው የሚናፍቀን። እዚህ ሰው ለብሔራዊ መዝሙር ተነስቶ ከዚያ ናቾ እየበላ ያያል። የእኛን ልጆች ዝም አታሰኟቸው።

አባል፣ ቶሮንቶ

ዕቃውን በሚመለከት። ቆዳ ኳስ አትላኩ። ሲሚንቶ ላይ በአጭር ጊዜ ይላጣል፣ አቧራ ሲጠጣም ከእጅ ያመልጣል። ለውጭ ሜዳ የሚሆን የጎማ ኳስ ለወንዶች ቁጥር 7፣ ለሴቶች ቁጥር 6 ነው። ለሻንጣ አየሩን ቀንሱት እንጂ ፈጽሞ አታውጡት፤ የተጣጠፈ ኳስ ቅርጹ ይበላሻል። ፓምፕና ቢያንስ አምስት መርፌ አብሮ ይሂድ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው መርፌ ነው። እዚያ ሲነፋ ኳሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ይመልከቱ፣ አብዛኛው ከ7 እስከ 9 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው።

ለዳኞች ፎክስ 40 ፊሽካ። ካናዳዊው ዳኛ ሮን ፎክስክሮፍት የሠራው ነው፣ ውስጡ ኳስ ስለሌለው አቧራም ምራቅም አያፍነውም። ከበሮ ባለበት ግቢ ድምፁ ይለያል። ሁለት ለዳኞች፣ አንድ ለጠረጴዛ መጠባበቂያ።

ማልያ ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያገለገለ ብታገኙ ይሆናል። የእነሱ ቁጥር ከ0 እስከ 5 ባሉ አሃዞች ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ፊባ ደግሞ እስከ 99 ስለሚፈቅድ ችግር የለውም። ሁለት ቀለም መሆኑን ብቻ እርግጠኛ ሁኑ፣ በመርሐ ግብሩ ላይ ቀድሞ የተጠራው ቡድን ነጣ ያለውን ይለብሳል። የውጤት ሰሌዳ የሚገለበጥ ቁጥር ያለው ይበቃል። መብራት ስለሚጠፋ የኤሌክትሪኩን ተዉት። ትልቅ ይሁን እንጂ፤ ውጤቱን ከሩቅ ያላየ ሰው የራሱን ይቆጥራል።

የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታ ዳኛ፣ ሴንት ፖል

ስቶክሆልም ያለኸው ወንድሜ፣ ተመልካች በፊባ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ባለፈው ዓመት የገባውን ደጋፊ ማን ይቅጣ? ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ከጨዋታው በፊት ፈርመው የራሳቸውን ደንብ ማውጣት ይችላሉ። ማስጠንቀቂያ አንድ ጊዜ በማይክ፣ ከዚያ 1 ፍሪ ትሮው። ደጋፊ የሚፈራው ይህን ነው።

የጠረጴዛ ዳኛ፣ ስቶክሆልም

አልስማማም፣ ጋሼ። አጥር በሌለው ግቢ የማን ደጋፊ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የተቃራኒውን ስካርፍ አድርጎ አንድ ጠጠር መወርወር ለክፉ ሰው ቀላል ነው። ልጆቹ ለፍተው ያመጡት ውጤት በማያውቁት ሰው እጅ ይወድቃል። ይልቅ ያለውን ደንብ አጥብቆ መሥራት ነው። ጠብ ሲነሳ ከቤንች ተነስቶ ሜዳ የገባ ተቀያሪ ይሰናበታል፤ ለማረጋጋት መግባት የሚፈቀድለት አሰልጣኙና የመጀመሪያ ረዳቱ ብቻ ነው። ቤንቹ ከተቀመጠ ደጋፊም ይቀመጣል። ውጤት የከፋው ቡድን ደግሞ ዳኛውን አይከብም፤ ካፒቴኑ ጨዋታው ባለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ስኮር ሺቱ ላይ ለተቃውሞ በተተወው ቦታ ይፈርማል። ይህ መንገድ እንዳለ የሚያውቅ ልጅ ስንት ነው?

ተመላሽ አባል፣ ለገጣፎ

ሁለታችሁም የረሳችሁት 24 ሰከንዱን፣ ኳስ የያዘ ቡድን ወደ ቅርጫት መወርወር ያለበትን ጊዜ፣ ነው። የሚቆጥረው መሣሪያ ከሌለ መሪው ቡድን በመጨረሻው ኳርተር ኳስ እየተቀባበለ ሰዓት ይገድላል፣ ግቢው የሚቃጠለውም ያኔ ነው። አንድ ሰው ስቶፕ ዋች ይዞ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ 10 ሰከንድ ሲቀር ቀይ ባንዲራ ያንሳ፣ ሲሞላ ደወል ይምታ። ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ አጥቂው መልሶ ከያዘው የሚሰጠው 14 ነው፣ 24 አይደለም። ይህን ሰው ቢያንስ ሁለት ልምምድ ላይ አለማምዱት።

ስለ ቅጣቱ ግን ከሴንት ፖል ጋር ነኝ። በፊርማ ይሁን።

ጠያቂዋ፣ አሌክሳንድሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኳሱ፣ ፊሽካውና መርፌው ከዚህ ይሄዳል፤ ቀለሙን እዚያው ይግዙ። የአበሉን ነገር ሁለቱም ትምህርት ቤቶች እኩል ያዋጡ የሚለውን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። የጎረቤቱ ትምህርት ቤት ወተመህ ግን ድርሻውን መክፈል አልችልም ካለ ምን ይደረጋል? እኔ ሁለቱንም ልሸፍን?

አባል፣ ዳላስ

ሁለቱንም ከሸፈንሽ ያው ያንቺ ዳኛ ነው። የመግቢያ ኩፖን ይሽጡ፣ ትንሽ ብር፣ ቁጥር ያለው። ከኩፖኑ አበሉ ይወጣል፣ በሩም ይጠበቃል፣ የገባው ሰው ብዛትም ይታወቃል።

የጠረጴዛ ዳኛ፣ ስቶክሆልም

የሰፈሩን ልጅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ብር ማስከፈል? ያልገባው በአጥር ዘሎ ይገባል፣ ከፍሎ የገባውም ከፍያለሁ ብሎ የልቡን ይሳደባል። ተማሪ በመታወቂያ፣ ወላጅ በስም ዝርዝር ይግባ።

የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታ ዳኛ፣ ሴንት ፖል

እዚህ ትኬት የሚሸጠው ለዚሁ ነው። ትኬቱ ላይ "የተባረረ ገንዘቡ አይመለስለትም" ተብሎ ይጻፋል፣ ወጥቶ መመለስም አይፈቀድም። መታወቂያ የሌለው ልጅ የእህቱን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ የቆመው መምህር ምን ያደርጋል? እሱን ንገረኝ።