አዲስ አበባ ተነስቶ የቢሾፍቱን ሀይቆች በሳይክል ዞሮ ማታ መመለስ ይቻላል?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። አራት ጓደኛሞች ነን፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰራው የሳይክል መንገድ ሱስ አስይዞን ከፒያሳ አራት ኪሎ ከዛ ቦሌ ስንል ከረምን። አሁን አደዩ ሳይረግፍ ከከተማ ወጥተን አንድ ቀን ሙሉ ሀይቅ ዳር መንዳት አምሮናል፣ ያሰብነው ቢሾፍቱን ነው። ከዚህ በሳይክል ይኬዳል ወይስ መጫን አለበት? ሀይቁን ዙሪያውን ሚያዞር መንገድስ አለ? የትኛው ቅዳሜ ይሻላል? ሁለታችን ማውንቴን አለን ሁለቱ ይከራያሉ። ከመሀላችን አንዷ ዳገት ስታይ ወርዳ ምትገፋ ናት፣ ስም አልጠራም።

እሁድ በፔዳል፦
መሄዱን ትሄዱታላችሁ፣ መመለሻው ነው ጉዱ። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ምናምን ከፍታ ላይ ናት ቢሾፍቱ 1900 አካባቢ፣ ስለዚህ ጠዋት ቁልቁለቱ ይሸውዳችኋል ማታ ደሞ ፀሀይ በልቷችሁ ያንኑ 45 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ። እሱም ይቅር፣ ፈጣን መንገዱ ላይ ሳይክል አይገባም፣ ያላችሁ የድሮው መንገድ ነው በቃሊቲ በአቃቂ በዱከም አድርጎ፣ እዛ ላይ ተሳቢ አጠገባችሁ ሲያልፍ ንፋሱ ብቻ ከመስመር ያስወጣል። የለመደ ሰው በቡድን ሆኖ ገና ሲነጋ ይወጣበታል፣ ለእናንተ ግን አልመክርም። ጫኑት በቃ።

የፒያሳዋ፦
በምን? ሚኒባስ ሳይክል ይጭናል እንዴ?

እሁድ በፔዳል፦
ጣራው ላይ ፖርቶ መጋላ ካለው ለምን አይጭንም፣ ሂሳቡን ግን ሳይክሉ ከተጫነ በኋላ ሳይሆን ከመጫኑ በፊት ተነጋገሩ። ለአራት ሰውና ለአራት ሳይክል ደርሶ መልስ ኮንትራት ይዞ መካፈል ነው ሚሻለው፣ ማታ ደክሟችሁ መናኸሪያ ከረዳት ጋር ከመጨቃጨቅ። የፊት ጎማውን ፍቱት፣ መሀል መሀሉ ካርቶን ወይ አሮጌ ብርድ ልብስ አስገቡበት፣ ማርሽ ያለበት ጎን ከስር እንዳይሆን።

የሆራ ልጅ፦
እህቴ እኔ እዛው ተወልጄ ያደኩ ነኝ። አንዱን ሀይቅ ብቻ እንዞራለን ካላችሁ ሳይረፍድ ትጨርሱታላችሁ፣ የአንዱ ዙሪያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ቀን ሙሉ መንዳት ከፈለጋችሁ ማያያዝ ነው፣ ከቢሾፍቱ ሀይቅ ጀምራችሁ ወደ ሆራ ከዛ ባቦጋያ ከዛ ኩሪፍቱ፣ ወደ ማታ ፀሀዩ ሲበርድ ጨለለቃ ወፍ ለማየት፣ ይሄ ሁሉ ከነመሳሳቱ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ግን ውሃው ጠርዝ ላይ እየነዳን ብላችሁ ካሰባችሁ እሱን እርሱት፣ ቢሾፍቱም ሆራም ባቦጋያም እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የከፈታቸው ጉድጓዶች ናቸው፣ መንገዱ ከላይ አፋፉ ላይ ነው ውሃው ከታች። ባቦጋያ ደሞ ዙሪያውን ሎጅና የግለሰብ ግቢ ከቦታል፣ ውሃ ጋ ለመውረድ የሆነ ቦታ ከፍላችሁ መግባት አለባችሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቆንጆው ሀይቆቹ መሀል ያለው የገጠር መንገድ ነው፣ በአንድ በኩል የረር በሌላ በኩል ዝቋላ እየታያችሁ በጤፍ ማሳ መሀል ነው ምትነዱት፣ የአድአ ጤፍ ስትሉ እንግዲህ እሱ ነው።

ቀኑን በተመለከተ መስከረም መጨረሻ ላይ ኢሬቻ አለ፣ ቅዳሜ ፊንፊኔ እሁድ እኛ ጋ ሆራ አርሰዲ። ለበዓሉ ከሆነ በእግራችሁ ኑ ደስ ይላል፣ ሳይክል ይዛችሁ ግን በዛ ሰው መሀል መላወሻ አታገኙም፣ ከመሀል አዲስ አበባም መውጫ መንገዱ ይዘጋጋል።

ካቴና፦
እኔ ደሞ ጥቅምት ይግባ ባይ ነኝ። የዛ አገር አፈር ኮትቻ ነው፣ ዝናብ ከነካው ጎማና ፍሬን መሀል ገብቶ ይጠቀጥቅና ሳይክሉ አልሄድም ይላል፣ ተሸክመሽው ነው ምትሄጂው። አደዩ ትንሽ ቢረግፍ ይሻላል። ከዛ ውጪ የግራር እሾህ አለ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ (ከነመዳሪ)፣ ማስቲሽ እና ፓምፕ ያዙ፣ ገጠሩ ውስጥ ጎሚስታ ፍለጋ አትዙሩ። የሚከራየውን ሳይክል ደሞ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨምቃችሁ ግፉት፣ ጎማው ከተንቀሳቀሰ መልሱለት፣ ሜዳ ላይ ባይታወቅም ከአፋፉ ወደ ሀይቅ ስትወርዱ ነገር ይመጣል።

ዳገት አልወድም፦
ለምን ወንጪ አትሄዱም? ከሁሉም እሱ ነው ሚያምረው ደሴት ላይ ገዳም ያለበት

ካቴና፦
ወዳጄ ስምህን አንብበኸዋል? ወንጪ አፋፉ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ከዚህ ደሞ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር አልፎ። አድራችሁ ከሆነ አሪፍ ነው፣ ለደርሶ መልስ ግን ቀኑን መኪና ውስጥ ነው ምትጨርሱት። እዛ ሲደረስ ደሞ ፈረስ ነው ሚያዋጣው።

የፒያሳዋ፦
ሃሃ እሺ፣ ቢሾፍቱ በቃ፣ ጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ኮንትራት ይዘን። ከመስቀል አደባባይ 12 ሰዓት ተኩል ብንነሳ ይበቃል? ምሳ ምንድነው ሚበላው? መዋኘትስ?

የሆራ ልጅ፦
በጣም ይበቃል፣ 10 ሰዓት ላይ ጨለለቃን ጨርሳችሁ 11 ሰዓት መኪናው ላይ ሁኑ፣ 12 ሰዓት ካለፈ ይጨልማል ቃሊቲም ትዘጋባችኋለች። ምሳ የቆሮሶ አሳ ጥብስ ነው፣ ጽጌን ምትጾሙ ካላችሁ ደሞ አሳ ይበላል አይበላም ሚለውን ክርክር እዛው ጨርሱት፣ ሽሮ ሁሉም ጋ አለ። ዋናውን ግን ተዉት፣ ከዳር ትንሽ ገባ ስትሉ መሬቱ ከስር ይጠፋል፣ የቢሾፍቱ ሀይቅ እኮ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ካማራችሁ ሎጆቹ ጋ ገንዳ አለ። አየር ኃይል ካምፕ አጥር ጋ ስታልፉ ደሞ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ እንዳታነሱ፣ ጠባቂው ጋ ስታስረዱ ሰዓታችሁ ይሄዳል።