እምቦጩ ኮምፖስት አልሆን አለን

ጣና ዳር ነን፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ። 23 ጎረቤታሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐይቁ እምቦጭ እየነቀልን ዳርቻው ላይ ለተከልናቸው የዋንዛ ችግኞች ኮምፖስት ልናደርገው ተነሣን። ሰኔ ላይ ጉድጓድ ቆፍረን፣ እንደወጣ፣ ሳናጠወልገው፣ ከእበትና ከአመድ ጋር እያነባበርን ሞላነው። እምቦጭ 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ ክረምቱም ተጨመረበት። ትናንት በዶማ ስንገልጠው ላዩ ደርቋል፣ ከሥር ግን ጥቁር ጭቃ ሆኖ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ገለባ ቀላቅለን ሁለቴ አገላበጥነው፣ ሽታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ዘሩ ነው። ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ችግኞቹ ደግሞ ከውሃው 15 እርምጃ አይርቁም፤ በስንት ልፋት ያወጣነውን በእጃችን መልሰን እንዳንዘራው እፈራለሁ። በእምቦጭ ኮምፖስት የሠራችሁ፣ ክምሩ ዘሩን የሚገድል ያህል መሞቁን ያለ ቴርሞሜትር በምን አወቃችሁ?