ደብረ ብርሃን፦ ክረምት ሲገባ ውኃ የሚያቁር ምድር ቤት

ጥያቄ፦ የቤታችን ምድር ቤት ከሐምሌ ጀምሮ ከወለሉ ሥር ውኃ ያመነጫል። ጉድጓድ አስቆፍሬ የውኃ ፓምፕ ልተክል አስቤያለሁና፣ ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ።

መልስ፦ ከመቆፈርዎ በፊት የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን የት እንደሚያፈስ ይመልከቱ፤ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር አንዴ ከራሰ ውኃ በቀላሉ ስለማያሳልፍ፣ ከግድግዳው ሥር የሚጠራቀመው ሁሉ መሠረቱን ይጫነዋል። ከዚያም በኋላ ካልደረቀ፣ በወለሉ ዝቅተኛ ጥግ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የጠለቀ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ጎኑ የተበሳሳ በርሜል ያስቀምጡበትና ዙሪያውን በታጠበ ጠጠር ይሙሉት። ፓምፑ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ፣ ውኃው ከፍ ሲል በራሱ የሚያስነሳው ተንሳፋፊ ማብሪያም ያለው ይሁን። በማውጫው ቧንቧ ላይ ውኃ የማይመልስ ቫልቭ ካልገባ፣ ፓምፑ ባቆመ ቁጥር በቧንቧው የቀረው ውኃ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

ሌላ መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን መብራት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ሲበረታ ስለሆነ፣ ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለፓምፑ እንዲሆን የሚቀይር መሣሪያ) ካልተዘጋጀለት ፓምፑ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ይላል። ማውጫውንም ከመሠረቱ ቢያንስ 3 ሜትር ያርቁት፤ ወደ ጎረቤት ግቢ ግን አይሁን።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። አሸንዳው የሚያፈሰው በትክክል ከግድግዳው ግርጌ ስለሆነ፣ ሥራውን ከእሱ እጀምራለሁ።