የጾም ቡፌ፣ የፋሲካ በግ እና የሠራተኛዬ ደሞዝ

የሳሪሷ፦
አንድ ጥያቄ አለኝ፣ አትቆጡኝ። ዘንድሮ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ጾሜያለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባልችልም ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እህል አልቀመስኩም። ግን ሰሙነ ሕማማት ላይ አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ የቴሌብር ወጪዬን ከላይ እስከ ታች ሳገላብጥ ደነገጥኩ። የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ፣ ሁለቴ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ሆቴል ሄደን የጾም ቡፌ፣ አሳ የሚበላና የማይበላ ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ሁላችንም የበላንበት ምሳ... ሲደመር ከጾሙ በፊት በነበረው ወር ለሥጋና ለወተት ካወጣሁት በለጠ። ቅበላ ላይ የቆረጥነውን ሥጋማ አልቆጠርኩትም። ለፋሲካ ደግሞ በግ 14,000 ብር። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለነዳያን የሰጠሁትን ሁሉ ብሰበስበው የአንዱን ቡፌ ሒሳብ አይሞላም።
እና ጥያቄዬ፦ አንድ የማያውቀኝ ሰው ይህን ወጪ ቢያይ ክርስቲያን መሆኔን በምን ያውቃል? «የጾም» ከሚለው ቃል በቀር ማለቴ ነው።

ጠያቂው፦
የቤት ሠራተኛ አለሽ? ካለሽ ስንት ትከፍያታለሽ?

ዲያቆኑ፦
(ስሙ ነው እንጂ አሁን ባንክ ቤት ነው የምሠራው።) እህቴ፣ የደነገጥሽው በደንብ ነው። የጾም ነገር መጀመሪያውኑ የወጪ ነገርም ነበር። ምሳህን ትተዋለህ፣ ያልበላኸው ምሳ ግን ኪስህ ውስጥ አይቀርም፣ ለሌላ ሰው ምሳ ይሆናል። ኢሳይያስ 58ን አንብቢው፣ «እንጀራህን ለተራበ» የሚለውን። እዚያ ምዕራፍ ላይ ሕዝቡ «ጾምን፣ ለምን አላየኸንም» ብሎ ያማርራል። መልሱ ስለ ምግቡ ዓይነት አንድም ነገር አይልም። ስለ ሠራተኞቻቸው ነው የሚያወራው፣ እየጾማችሁ ሠራተኛ ታስጨንቃላችሁ ይላቸዋል። ዮሐንስ አፈወርቅም ቁስጥንጥንያ ሳይሾም በፊት ሲሰብክ ጀምሮ ይህን ነገር አልለቀቀም። ውስጥ መሠዊያውን በሐር እያለበሳችሁ ውጭ ክርስቶስን በብርድ አታስቆሙት ነው ነገሩ።
እኛ ጋ ጾም የቅባት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከቂቤ ወደ ዘይት ተዛወርን፣ ከዚያ «ጾምን» አልን።

ባለሱቁ ከመርካቶ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ በየዓመቱ የሚመጣ ወቀሳ ሰልችቶኛል። በዓል መጣ ሲባል ሁሉም ሰው ለድሃ ጠበቃ ይሆናል። ማርያም ያን ውድ ሽቱ ጌታ ላይ ስታፈስ «ይህ ለምን በሦስት መቶ ዲናር ተሽጦ ለድሆች አልተሰጠም» ያለው ማን ነበር? ይሁዳ ነው። ዮሐንስ 12 ላይ አለ፣ እኔ አልፈጠርኩትም።
ደግሞ 14,000 ብሩ የት ሄደ? ተቃጠለ? ከደብረ ብርሃን በኩል በግ አሳድጎ ለፋሲካ ይዞ የመጣ ገበሬ ኪስ ገባ። ያ ሰው ልጁን የሚያስተምረው፣ ማዳበሪያ የሚገዛው በዚያ ነው። ዶሮ የምታመጣዋ፣ ቄጤማ የምትሸጠዋ፣ ቆዳ የሚሰበስበው ልጅ፣ ሁሉም በዓልን ጠብቆ ነው የሚኖረው። ሁላችሁም «ቀለል አድርገን እናክብር» ብትሉ መጀመሪያ የሚራበው ያ ለድሃ አሰብን የምትሉት ሰው ነው። 55 ቀን ጾሞ አንድ ቀን ሥጋ የበላን ሰው ፈሪሳዊ አታድርጉት። ደስታም ከሃይማኖቱ ነው።

የሳሪሷ፦
ወንድሜ የበጉ ነገር ገባኝ፣ እውነት አለህ። ግን የጾሙን ቡፌ ገበሬው አላመጣውም። እኔ ያስደነገጠኝ በጉ አይደለም፣ እየጾምኩ መቅበጤ ነው።

ጠያቂው፦
ጥያቄዬን አልመለሽም።

ጴንጤው፦
ገብቼ ልረብሽ? እናንተ በቅባት ተጣሉ፣ እኛም ከእናንተ አንሻልም። እኛ ጋ አስራት በሳንቲም ይሰላል። ግብር ሳይቆረጥ ነው ከተቆረጠ በኋላ የሚለው ክርክር አንድ ጊዜ የቤት ኅብረታችንን ለሁለት ከፍሎት ነበር፣ የምሬን ነው። ሚልክያስ 3:10ን በቃሉ የማይል የለም። ያዕቆብ 5:4ን ግን ጠይቁ፣ የሠራተኞች ደመወዝ ተይዞ ይጮኻል የሚለውን። ዝም ይላል ሰው። ዘር ዝራ እየተባለ የቤት ኪራዩን መድረክ ላይ ያስቀመጠ ልጅ አውቃለሁ። አከራዩም እዚያው ከእኛ ጋር ያመልክ ነበር። ወሩ ሲያልቅ አስወጣው። ሁለቱም እሑድ እጃቸውን አንሥተው ይዘምራሉ፣ አንዱ አሁን ከእህቱ ጋር ደባል ሆኖ ነው የሚመጣው።
ጌታ ለፈሪሳውያን ከአዝሙድና ከእንስላል ከከሙንም አስራት ታወጣላችሁ፣ ፍርድንና ምሕረትን ግን ትተዋላችሁ ያላቸው እኮ ቅመም ጠልቶ አይደለም።

እናት ከሾላ፦
ልጆቼ እኔ መጻፍ ብዙ አልችልም፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ሾላ ገበያ 31 ዓመት ቂቤ ሸጫለሁ። ጠዋት ሁላችንም አማትበን «ገበያ አቅናልኝ» ብለን ነው የምንከፍት። ከዚያ አንዷ ሙዝ ለውሳ ትሸጣለች፣ አንዷ የረጋ የአትክልት ቅቤ ትቀላቅላለች፣ አንዷ ሚዛኑ ላይ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች። ማታ በማኅበሩ ጠበል ጻዲቅ እናቀምሳለን፣ አብረን። እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። አንድ ዓመት ፋሲካ ሲደርስ ባሌ ታሞብኝ አድርጌዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ስናገር ስግደት አልሰጡኝም። «ለማን ሸጥሽው፣ ሄደሽ መልሽ» አሉኝ። የማስታውሳቸውን ሁለት ደንበኞች ቤት ድረስ ሄጄ ብራቸውን መለስኩ። አንደኛዋ ሳቀች፣ አንደኛዋ ከዚያ ወዲያ ገዝታኝ አታውቅም።

ባለሱቁ ከመርካቶ፦
እትዬ፣ እርስዎን የመሰለ መች ተገኝቶ። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው የሚለውን እኔም ሱቄ ውስጥ ለጥፌዋለሁ። እውነቱን ለመናገር የለጠፍኩት ለጅምላ አምጪዎቹ ነበር።

ከዱባይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እዚህ የቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። አሠሪዎቼ ሙስሊሞች ናቸው። ረመዳን ሲደርስ ማዳም ወረቀትና ካልኩሌተር ይዛ ትቀመጣለች። ዓመት የሞላው ገንዘቧን ትደምርና ከመቶ 2.5 ታወጣለች፣ ዘካ ነው። በስሜት አይደለም፣ በሒሳብ። ቅድስት ናት አላልኩም፣ ደሞዜን ሁለት ወር ያቆየችብኝ ጊዜ አለ። ግን ለድሃ የሚወጣው ገንዘብ ከሰው ዕይታ ጋር አይገናኝም፣ ማን እንደወሰደው እንኳ እኔ አላውቅም።
እኛ ቤት ግን አባቴ የሞተ ጊዜ ለአርባው 130,000 ብር ልኬያለሁ። ግማሹን ከጓደኞቼ ተበድሬ። «ሰው ምን ይላል፣ ልጁ ዓረብ አገር እያለች» ተባለ። በሬ ታረደ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ቪዲዮውን ላኩልኝ። ዘመድና ጎረቤት ውስጥ ተቀምጦ ይበላል። ነዳያኑ ከአጥሩ ውጭ ቆመው የተረፈው ይሰጣቸዋል። አባቴ በሕይወቱ ደሃ ነበር፣ ቢኖር ከአጥሩ ውጭ ከሚቆሙት ጋር ነበር የሚቆመው። ያን ቪዲዮ ሁለተኛ አላየሁትም። ብድሩን ከፍዬ የጨረስኩት በአሥራ አራተኛው ወር ነው።

ዲያቆኑ፦
እህቴ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ተዝካር ተገልብጦብን ነው። ነገሩ ጸሎትና ነዳያንን ማብላት ነው። ሉቃስ 14 ላይ ግብዣ ስታደርግ ባለጠጎች ጎረቤቶችህን አትጥራ፣ ድሆችን ጥራ ይላል፣ በግልጽ። ካህናቱም ብዙ ጊዜ ያስተምራሉ። የሚያሸንፈው ግን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ከወንጌል በላይ የሚከበር ሕጋችን ነው ብል አላጋነንኩም።

ባለሱቁ ከመርካቶ፦
ካህናቱ ያስተምራሉ አልክ? በተዝካሩ ድንኳን ውስጥ ከፊት ወንበር የተቀመጡት እነማን ናቸው ታዲያ?

ዲያቆኑ፦
እሱንም አልክድም። ግን የከተማውን አይተህ ሁሉንም አትፍረድ። የገጠር ካህን እርሻ እያረሰ ነው የሚቀድሰው። ዕጣንና ዘቢብ የሚገዛበት አጥቶ የተዘጋ አጥቢያ ስንት አለ። እኛ ደግሞ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስለን እንሄዳለን፣ ጥላ ላይ ጥላ ይከመራል። ለዚያ ለተዘጋው መገበሪያ የሚሳል ግን ብዙም አላየሁም። አይታይማ።

የአሜሪካዋ፦
ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህም ያው ነው፣ ለልጅ ክርስትና አዳራሽ፣ ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ የሐበሻ ቀሚስ፣ ፎቶ አንሺ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ራሳችንን በጣም አትውቀሱ። የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃ የባንክ ዕዳ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው የሚከፍሉት፣ ታክሲ ነጂዎችና ነርሶች። አንድ ሰው ሞቶ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይላክ ሲባል በሁለት ቀን ይሞላል። አዲስ አበባም እኮ ሜቄዶንያ ከ2002 ጀምሮ ያን ሁሉ አረጋዊና ሕሙም የያዘው በሰው እጅ ነው። ልደቱንና ሙት ዓመቱን እዚያ ሄዶ የሚያሳልፍ ሰው ትንሽ አይደለም። ሕዝባችን ቸር ነው።

ጠያቂው፦
ቸርነት አልጎደለንም፣ እስማማለሁ። ለዚያ ነው ስለ ምጽዋት ያልጠየቅኩት። እኔ የጠየቅኩት ስለ ደሞዝ ነው፣ ያው ጥያቄዬ እስካሁን አልተመለሰም።
ለምን እንደምነዘንዝ ልንገራችሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ማለትም የአሠሪና ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ለብቻው ደንብ ይወጣል ብሎ አልፎታል። ዝቅተኛ የደሞዝ ወለልም የለም። ስለዚህ ለቤት ሠራተኛሽ 1,000 ብትከፍያት፣ ዕረፍት ብትከለክያት፣ ስትታመም ብታባርሪያት በተግባር ማንም አይከስሽም። በ1999ኙ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ወደ 75 በመቶ የሚጠጋው ኦርቶዶክስ ነበር። ፕሮቴስታንቱን ጨምሩበት። እንግዲህ በዚህ ከተማ ሠራተኛ የምትኖርበት ቤት በአብዛኛው የክርስቲያን ቤት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አይደርስም፣ ተቆጣጣሪ የለም፣ ጎረቤት አያይም፣ ፎቶ የለም። እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ሃይማኖትሽ ብቻ ነው።
ቡፌውን ተይው። በጉንም ብዪው፣ ይጣፍጥሽ።

ባለሱቁ ከመርካቶ፦
አሁን ይሄ ሰውዬ ነገሩን አጠበቀው። ግን ወንድም፣ የእኔ ሱቅ ልጅ ከእኔ ጋር ይበላል፣ ከእኔ ጋር ይተኛል፣ እንደ ቤተሰብ ነው። ሁሉን ነገር በደሞዝ አትመዝነው።

ጴንጤው፦
«እንደ ቤተሰብ ነው» የምትለዋ ነገር እኮ ናት የምታስፈራው ጋሼ። ቤተሰብ ከሆነ ሱቁን ይወርሳል?

ባለሱቁ ከመርካቶ፦
ሂድ ወደዚያ 😂

ከዱባይ፦
እኔ እዚህ አርብ አርብ ዕረፍት ወጥቼ ቅዳሴ የምሄደው ውሌ ላይ ስላለ ነው። አዲስ አበባ ሠራተኛ በነበርኩ ጊዜ ሁለት ዓመት የፋሲካን ቅዳሴ አላየሁም። ሁሉም ነጠላውን ለብሶ ሲወጣ እኔ ዶሮ ወጡ እንዳያር እጠብቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲመለሱ «ክርስቶስ ተነሥቷል» ብለው ይገባሉ፣ እኔ ሳህን አቀርባለሁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ትዝ አላላቸውም።

የሳሪሷ፦
ይሄን ካነበብኩ በኋላ ትንሽ ቆየሁ። እኔም ቤት ዘንድሮ እንደዚያው ነው የሆነው። እሷም 55ቱን ቀን ጾማለች፣ እኔ በማላውቀው ምግብ። ምን እንደበላች ጠይቄያት አላውቅም። ቅዳሜ ማታ «አብረሽን ነይ» ማለት በአእምሮዬ አልመጣም፣ ወጡንስ ማን ይጠብቀዋል።
3,500 ብር ነው የምከፍላት።

ጠያቂው፦
እሺ። በጉ 14,000 ነበር አይደል? አራት ወሯ ማለት ነው።

የሳሪሷ፦
አውቃለሁ። መጀመሪያ ስትጠይቀኝ ነው ያሰላሁት። ለዚያ ነው ያልመለስኩልህ።